ምን አጥፍቼ ነው የሚምረኝ?

አክስቴን ልጠይቅ ሆስፒታል የሄድኩ ዕለት፣ የሴቶች መኝታ ክፍል በር ላይ ሁለት ነርሶች ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። አንዷ ፀጉሯ የሸበተ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ሌላዋ ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣች ወጣት። የጠቡ ምክንያት አክስቴ ነበረች። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ እያቃሰተች የማስታገሻ መርፌውን እምቢ ብላለች።

«ግትር ናቸው፤ እስቲ እርስዎ ይምከሯቸው» አለችኝ ኃላፊዋ።

«ግትር አይደሉም፣ ሲስተር» አለች ወጣቷ። «ለምን እምቢ እንዳሉ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«በገባሁ ቁጥር ‹እግዜር ይማርዎት› እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ፣ ልዘምርላቸው?»

«የጎዳቸው እሱ ነው። ትናንት ወንበር ስቤ አጠገባቸው ብቀመጥ፣ ‹ይህ ሁሉ ሰው ይማርሽ የሚለኝ ምን አጥፍቼ ነው?› አሉኝ። እህታቸው ተኳርፈው ሳይታረቁ ሞተውባቸዋል። ሕመሙ የዚያ ቅጣት ነው ይላሉ። መርፌውን ከተወጉ ከቅጣቱ የሸሹ ይመስላቸዋል።»

እህቷ የኔ እናት ነበረች።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ» አለች ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ስትናደድ እንዲያ ናት መሰለኝ። «እኛ ነርሶች ነን። ነፍስ የሌላ ሰው ሥራ ነው። እዚህ የተኛው ሰው እምነቱ ብዙ ነው፤ ለማን ልትሰብኪ ነው?»

«ስብከት ማን አለ? ሽንታቸውን እንለካለን፣ ሰገራቸውን ሳናፍር እንጠይቃለን። ምን እንደሚያስፈራቸው፣ ማን እንዲጠራላቸው እንደሚፈልጉ መጠየቅ ግን ያሳፍረናል። የሚያምኑትን የእምነታቸውን ሰው እንጥራላቸው፤ የማያምኑትን እናዳምጣቸው።»

«ጊዜው ከየት ይመጣል?»

«መድኃኒት ቀድተን እምቢ ሲሉን የምንደፋበት ጊዜስ?»

እኔም ንዴት ያዘኝ። በደግ ቃል ግዴታችንን የተወጣን እየመሰለን፣ ቃሉ በሰሚው ልብ ምን እንደሆነ ሳናይ ጀርባችንን እናዞራለን።

ኃላፊዋ በሩን ከፍታ ገባች፤ ተከተልናት። የአክስቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ከማን ጋር መነጋገር ይፈልጋሉ?»

አክስቴ እኔን አየች። «ከዚህ ጋር። እናትህ ስሜን ታነሳ ነበር?»

«ታነሳ ነበር።»

«በክፉ?»

«አንዳንዴ በክፉ። ሲከፋት ግን አንቺን ነበር የምትጠራው።»

«አይ እሷ» አለች አክስቴ። አለቀሰች፤ ቆይታ ደግሞ መርፌውን እንድትወጋት ክንዷን ለኃላፊዋ ዘረጋች።

ከዚያ ወዲህ በኃላፊዋ ትእዛዝ አዲስ ታካሚ ሲገባ «ምን ያስጨንቅዎታል? ማን ይጠራልዎ?» ይባላል። መድኃኒት የሚገፋው አነሰ፤ የሚያቃስተው አነሰ፤ ነርሶቹም ከታካሚ ጋር መታገል ቀረላቸው። ይህን ሰምቼ ወጣቷን ላመሰግን ሄድኩ። ፈገግ አላለችም።

«አያመስግኑኝ» አለች። «አክስትዎ ያን ሁሉ ቀን የተሰቃዩት በከንቱ ነው።»