ተቆጥሮ የተሰጠ ልብ

ሰው በደህና ቀን አይሮጥም፤ የአባቴ እምነት ይህ ነበር። የሚሮጥ ሰው ካየ፣ ያ ሰው ወይ ሰርቋል፣ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ቤቱ እየነደደ ነው። አንድ ማለዳ የጠገነውን የግድግዳ ሰዓት ለባለቤቱ ልናደርስ፣ እኔ ሰዓቱን ታቅፌ እሱ ጃንጥላውን ይዞ በአስፋልቱ ዳር እንሄድ ነበር። ድንገት አንዲት ሴት ፊቷ በላብ ታጥቦ ወደ እኛ ስትሮጥ፣ ከኋላዋም አንድ ረጅም ሰውዬ ሲከተላት አየ። ሴትዮዋ ታላቅ እህቴ ነበረች። አባቴ ነገሩን ለማጣራት አልቆመም፤ ጃንጥላውን ሰውየው ትከሻ ላይ አሳረፈበት።

ሰውየው ቆመ። እያለከለከ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ» አለ።

«ልጄን ለምን ታባርራታለህ?»

«እኔ እንኳ አላባረርኳትም። ልደርስባት አቅቶኝ ነው።»

ሳቄ መጣ። አባቴን ሳየው ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ አንድ እጁ ጃንጥላውን፣ ሌላው ደረቱን ይዟል።

«አባባ፣ አብሮኝ የሚለማመድ ነው» አለች እህቴ።

«ምኑን ነው የምትለማመዱት?»

«ሩጫ። ከሁለት ወር በኋላ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር እንሮጣለን።»

«ማን አስገደዳችሁ?» አለ አባቴ፣ ከልቡ አዝኖ።

አስፋልት ላይ የሚያልቅ ወሬ አልነበረምና ሰዓቱን አድርሰን አራታችንም ወደ ሱቃችን ገባን። ሱቅ ስል ሁለት አልጋ የማይዘረጋበት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው፤ ሠላሳ ስድስቱም በየራሳቸው አፍ ያወራሉ። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው። «መጣሁ» ካለ በደቂቃው ስለሚመጣ ሰፈሩ ጋሽ ደቂቃ ይለዋል። እህቴ የሆስፒታል ነርስ ናት፣ በሕፃናት ክፍል። ከቤታችን ተምሮ የጨረሰ እሷ ብቻ ናት፤ እኔ እናታችን የሞተች ዓመት ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ሱቅ ገባሁ። ሰውየው ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አባቴ በጃንጥላው አፍሮ ያለችንን አንድ ወንበር ለእሱ ሰጠና ራሱ የሰዓት ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

አባቴ ስለ ልብ ያለው ሐሳብ ከሙያው የመጣ ነው። ልብ ማለት በተወለድን ቀን አንዴ የተሞላ ሰዓት ነው፤ ምቱ ተቆጥሮ ተሰጥቶናል፤ ሲያልቅ መልሶ የሚሞላው የለም። ለዚህ ነው ደረጃ ሲወጣ በየሦስቱ የሚያርፈው፤ ለዚህ ነው እኔን ገመድ ዝላይ ከልክሎ ያሳደገኝ። አትሳቁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ውሻ አባሮኝ ሮጬ ሳመልጥ፣ ያስለቀሰኝ ውሻው ሳይሆን ያባከንኩት ምት ነበር። ያን ፍርሃት እስከዚያች ማለዳ ድረስ ተሸክሜው ነበር።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አላት አባቴ። «ሩጫው ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ነው። መመርመሪያ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ እንሰበስባለን።»

«ይሄ ጽድቅ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ሣጥን ይዘሽ በየደጁ ዙሪ፤ እኔም አቅሜን እጥላለሁ። ሩጫውን ምን አመጣው? የታመመው እንዲድን ጤነኛው መታመም አለበት?»

«ሣጥን ይዘን ዞረናል አባባ። ሰው ሣጥን ሲያይ ስልኩን ያወጣል፤ የተደወለለት ይመስል ጆሮው ላይ ለጥፎ ያልፋል።»

«እሱንስ እኔም አድርጌዋለሁ» አለ አባቴ። ሐቀኛ ሰው ነው።

«ያው። አሁን ግን ‹አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፣ አንዷን ኪሎ ሜትር አንተ ግዛልኝ› ስለው ይቆማል። ‹አንቺ? ትጨርሺዋለሽ?› ይለኛል። ከጠየቀ ተያዘ። ዳቦ ጋጋሪው አሥራ አንደኛዋን ገዛ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሃያኛዋን። ቀድሜ ላቤን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እሱ ይከተለኛል። ልመና አይደለም ይሄ፤ አንድ ሸክም ለሁለት መያዝ ነው።»

«የሚገዙት ኪሎ ሜትርሽን ነው ወይስ ዕድሜሽን?»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ቧንቧ ሠራተኛው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«እናትሽ ዘንቢል ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች» አለ አባቴ። «ሃምሳ አራት ደረጃ ነው። ቁጭ አለች። ውሃ እስኪመጣላት አልጠበቀችም። እሷ በሃምሳ አራት ደረጃ አለቀች፤ ልጇ ናት አርባ ሁለት ሺህ ሜትር የምትለኝ።»

ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። ብርጭቆው እስኪሞላ መጠበቄን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

እህቴ ቀስ ብላ፣ «እማዬን ደረጃው አይደለም የገደላት» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ዛሬ ትንሽ ደከመኝ› ስትል ነበር። ሐኪም ዘንድ ታዪ ስንላት ‹ልብሱን ልጠብና› ትለን ነበር። ልብሱ አላለቀም።»

«ያልተከፈተ ሰዓት አይበላሽም ልጄ።»

«ለደንበኛ ግን ‹በየዓመቱ አስከፍቱት› ነው የምትለው» አልኩ እኔ።

«አንቺ ምላሳም፣ አፍሽን ያዢ።»

አፌን ያዝኩ፤ ግን ነገሬ እንደገባው ከጆሮው መቅላት አወቅሁ።

«ምት ተቆጥሮ የሚሰጠው ሰው የለም አባባ» አለች እህቴ። «ቢሆንም በአንተው ሒሳብ እንሂድ። ልምምድ ሳልጀምር ቁጭ ብዬ ልቤ በደቂቃ ሰባ ስድስት ትመታ ነበር። አሁን ሃምሳ አራት ናት። ሥራ አጠነከራት፤ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለምትገፋ መቻኮል አያስፈልጋትም።»

«ስትሮጪስ?»

«መቶ ሃምሳ።»

«ይኸው ብክነቱ።»

«የምሮጠው በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ነው። አንቺ፣ እስቲ አስቢው» አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ነገር ቢኖር ማባዛት ነው። የጥገና ወረቀት ጀርባ ላይ ሠራሁት። ሳትሮጥ በምትውል በምታድርበት ሃያ ሦስት ሰዓት፣ በየደቂቃው ሃያ ሁለት እየተረፈ ሠላሳ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ይሆናል። በሩጫው ሰዓት ከድሮው በላይ የምታወጣው አራት ሺህ አራት መቶ አርባ ብቻ ነው። ድምሩን ከሥሩ ጽፌ ለአባቴ ሰጠሁት።

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበ። «‹በቀን ወደ ሃያ ስድስት ሺህ ሞት ታተርፋለች›» አለ።

«ምት ለማለት ነው።»

እጄ ምትንና ሞትን ሲያምታታ የመጀመሪያው አልነበረም። አንድ ጊዜ የደንበኛ ሰዓት ላይ «ሞት ይዘላል» የሚል ወረቀት ለጥፌ፣ ሰውየው ሰዓቱን ጥሎት ሄዷል። በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ወረቀት የተጻፈበትን ይላል። እኔ በጆሮዬ ነው የማምነው። ማዳመጫሽን አምጪ» አላት።

እህቴ የልብ ማዳመጫውን ከቦርሳዋ አወጣች። አባቴ ጫፉን ጆሮው ውስጥ ከቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የእጅ ሰዓቱን አንዴ አየት እያደረገ ደቂቃዋን ሙሉ ልቧን አደመጠ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ነገር አላውቅም። ፊቱ ላይ ሐዘን ያለፈ በመሰለኝ ቁጥር ብርጭቆው ትዝ ይለኝ ነበር።

«ሃምሳ አምስት» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም ለምርጥ ሰዓት ብቻ በሚያወጣው ድምፅ፣ «ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው» አለ።

«አሁን ደግሞ የአንተን» አለች እህቴ።

«እኔ አልሮጥ፤ የእኔ ምን ያደርግልሻል?»

ይህን ሲል ግራ እጁን ኪሱ ሲከት አየሁ። አባቴ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው አይደለም። ስቤ አወጣሁና አንጓው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ባዶ። አንድ፤ ከዚያ ሁለቱ ተደራርበው መጡ፤ ከዚያ ባዶ። እንዲህ የሚሄድ ሰዓት ሲመጣልን አባቴ ለባለቤቱ «ዛሬውኑ ተዉልኝ» ነው የሚለው።

«አባባ» አልኩት፣ «ምት ይዘላል።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች እህቴ። ላቧ ፊቷ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ከአምና ጀምሮ። ማታ ሱቅ ስዘጋ ሰዓቶቹን አንዳንዴ አቆማቸዋለሁ። እነሱ ዝም ሲሉ እሰማዋለሁ።»

ያ ሁሉ የእህቴ ትምህርት የት እንደገባ እንጃ፤ እንደ እኔው የአባቷ ልጅ ሆና ቀረች። «አልሮጥም» አለች። «አንተ ሳትታይ አንድ እርምጃ አልሮጥም።»

«እንግዲያው ተስማማን» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። «አንቺ አትሮጪ፣ እኔም አልታይ። ሦስታችንም አርፈን እንቀመጥ።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው። ዓይኑ ግን ይለምናታል።

ያን ጊዜ ቧንቧ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገር። በጃንጥላ ተመተህ ዝም ያልክ ሰው ነህ።»

«እኔ ግድግዳ ውስጥ ውሃ ሲያንጠባጥብ በጆሮዬ ነው የማውቀው። ለባለቤቱ ‹ዛሬ ካልከፈትነው ነገ ይወርድብዎታል› እላለሁ። ሴት ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ስታለቅስ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሁለት ዓመት እያየሁ ብርድ ነው አልኩ። እናቷ እናሳያት ስትለኝ፣ ‹ሄደን ለሌለ በሽታ ስም እናውጣለት?› አልኳት። ሆስፒታል ጎትታ ያስገባችን የእርስዎ ልጅ ናት። የትንሿ ልብ ላይ ቀዳዳ አለ ጋሼ። እኔ ቀዳዳ ደፍኜ የማድር ሰው፣ የልጄን ቀዳዳ ሁለት ዓመት አልሰማሁም።»

«አሁንስ?» አለ አባቴ ዝቅ ብሎ።

«አሁን የቀዳዳውን መጠን ለማስለካት ወረፋ ላይ ነን። ያለው መሣሪያ አንድ ነው፤ አርጅቶ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚሠራው። ከእሷ በፊት አርባ ልጆች አሉ። እፈራለሁ ጋሼ። እየፈራሁ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ እየፈራሁ ሮጬም አይቻለሁ። ቁጭ ብሎ መፍራት ይብሳል።»

እህቴ ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ ይህ ነው አባቴን የያዘው፤ የተማረ ሰው የሚያስረዳውን ነገር፣ የፈራ ሰው ሲመሰክርለት ነው የሚያምኑት።

«ሐኪሙ በስንት ሰዓት ይገባል?» አለ።

«በሁለት።»

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ሁሉም ሁለት ተኩል ይላሉ። «ዘግይተናል» አለና ቁልፉን አነሳ።

ሐኪሙ መርምሮት፣ የልቡ ምት መዛባቱን፣ በመድኃኒት እንደሚያዝ፣ ቢቆይ ኖሮ ግን ደም ረግቶ አንድ ጎኑን ሽባ ሊያደርገው ይችል እንደነበር ነገረው። መድኃኒቱ ከያዘለት በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሩ እንዲሄድም አዘዘው። አባቴ «ግማሽ ሰዓት በትክክል?» ብሎ ጠየቀ። የእናታችን ነገር ስላለ እኛም ታየን፤ እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። እህቴ ተመርምራ መሮጥ እንደምትችል ተነገራት። የእኔ ልብ ምንም የለባትም፤ ከምላሴ በቀር ጤነኛ ነኝ።

እንግዲህ ጥቅሙን ልቁጠርላችሁ። አባቴ አሁን ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ገመድ መዝለል ተማርኩ፤ አያምርብኝም፣ ግን እዘላለሁ። የተሰበሰበው ገንዘብ ለአዲስ መሣሪያ አልሞላም፤ አሮጌው ግን ታድሶ በየቀኑ መሥራት ጀመረ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ተራዋ ደረሰና ለቀዶ ጥገና ቀን ተቆርጦላታል። ሮጦ መስጠት ለሰጪውም ለተቀባዩም እንደሚበጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም። ትንሽ ደከመኝ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ልብሱን እናንተ እጠቡለትና ወደ ሐኪም ይሂድ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ፍርሃት የለቀቀን እንዳይመስላችሁ። የሩጫው ቀን አባቴና እኔ ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆመን ነበር። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ታልፋለች ብሎ አስልቷል። ሃያ ሆነ። ሃያ አምስት ሆነ። ቧንቧ ሠራተኛው ብቻውን ደረሰ፤ «ከኋላ ናት» ብሎን አለፈ። እንዴት እንዳለች ሳንጠይቀው ሄደ። አንድ የአምቡላንስ መኪና እሷ በምትመጣበት በኩል ወደ ታች ወረደ። አባቴ የእጅ ሰዓቱ ቆሞ እንደሆነ ብሎ ጆሮው ላይ አደረገው።

አራት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ላይ እያነከሰች ብቅ አለች። አጠገባችን ስትደርስ ቆመች፤ ጫማዋ ተረከዙ ላይ ደም አርጥቦታል።

«ልብሽ?» አላት አባቴ።

«ልቤ ደህና ናት። እግሬ ነው፤ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ።»

ዓይኗን አየሁት። «ይበቃሻል» እንዲላት ፈልጋለች። ከአባቴ አፍ አንዲት ቃል ብትወጣ ታሪኩ እዚያ ያልቅ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ አፉ ላይ የነበረችውም ያቺው ቃል ናት።

አባቴ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የራሱን ጫማ ፈታ፣ አንድ ካልሲውን አውልቆ አራግፎ ሰጣት። የእሷን ጫማ በገዛ እጁ አሰረላት።

«ሂጂ» አላት።

ሄደች። መታጠፊያው እስኪውጣት ቆመን አየናት።

«ፈራህ?» አልኩት።

«በጣም።»

«ታዲያ ለምን ላክሃት?»

አባቴ ባዶ እግሩን ጫማው ውስጥ ከቶ ወደ መጨረሻው መስመር በሚወስደው አቋራጭ መራመድ ጀመረ። በጣም ፈጠነብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ በል አባባ» ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱም አልሰማኝም።