ሦስት በሽታ፣ አንድ መርፌ

እ.ኤ.አ. በ2003 መጋቢት ወር መጀመሪያ ላይ ከላኔሊ ወደ ካርዲፍ የሚሄደው የጠዋት ባቡር ኒዝ የተባለችውን ከተማ አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሐዲዱ ላይ በጎች ገብተው ነበር።

«የእኔ እንዳይሆኑ ብቻ!» አሉ በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት አሮጊት። «የእኔዎቹ አጥር መዝለልን ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የጠቡት።»

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ኔሪስ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ዓይኗ ግን ከሰዓቷ ላይ አልተነሣም። የአሥራ አራት ወር ልጇ ማሊ ጭኗ ላይ ሆና የመስኮቱን ደፍ በምላሷ ትልሳለች።

ኔሪስ በላኔሊ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። አንድ ነገር ካሳሰባት ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ሁሉ ሳታነብ ዕረፍት የላትም። በዚያ ሰሞን ያሳሰባት የማሊ ክትባት ነበር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ሦስቱም በአንድ መርፌ የተቀላቀሉበት ነው። ጋዜጣው፣ ሬዲዮኑ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆሙት እናቶች ሳይቀሩ «ሦስቱ በአንድ ላይ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል» የሚለውን ወሬ ሲቀባበሉት ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቷ ቤታን ደግሞ ከወሬም ያለፈ ነገር ደርሶባት ነበር። ኢዋን የሚባለው ልጇ መርፌውን በተወጋ በወሩ፣ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት አንድ በአንድ እየጣለ ጭራሽ ዝም አለ። «አንቺ እንደ እኔ አትሁኚ» ብላ በእንባ መክራታለች። ስለዚህ ኔሪስ ሦስቱን ክትባቶች ለየብቻ የሚሰጥ የግል ክሊኒክ ካርዲፍ ውስጥ ፈልጋ ቀጠሮ ያዘች። ባሏ ጌሬንት መጀመሪያ ተከራክሮ ነበር፤ በኋላ ግን «ያነበብሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ተወው።

«ማሊ! ተይ፣ ቆሻሻ ነው!»

«ግድየለም ልጄ፣ ተያት» አሉ ወይዘሮ ኤሉነድ፤ የአሮጊቷ ስም ይህ ነበር። «የዓለምን ተሕዋስ በምላሷ እየቀመሰች ነው የምታድገው። ወዴት ይዘሻት ነው?»

«ለክትባት ነው፤ ለየብቻ የሚሰጥበት ቦታ።»

«ለየብቻ? ለምን?»

«ሦስት በሽታ በአንድ ቀን! ለዚህች ትንሽ ገላ አይበዛባትም ብለው ነው?»

«እኔ እንጃ። በጎቼን በየዓመቱ በአንድ መርፌ ለሰባት በሽታ ነው የማስከትባቸው። ሰባት ጊዜ ካልያዝኳቸው ብል ኖሮ እስካሁን ወገቤ ተቆርጦ ነበር።»

«በግና ልጅ አንድ ናቸው እንዴ፣ እትዬ?»

«አይደሉም። በግ ስትወጋ እንዲህ አትጨቃጨቅም።»

ኔሪስ ሳታስበው ሳቀች። ከአሮጊቷ ጎን የተቀመጠችውና እስከዚያ ድረስ የሰዎቹን ከንፈር በትኩረት ስትመለከት የቆየችው ጎልማሳ ሴትም ሳቀች። ሴትዮዋ የወይዘሮ ኤሉነድ ልጅ ካሪስ ነበረች። ጆሮዋ አይሰማም፤ የሰውን ንግግር ከከንፈሩ ላይ ታነባለች፣ ስትናገርም ድምፅዋ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ቃሏ ግልጽ ነው።

«ይህችን ልጄን አየሻት?» አሉ ወይዘሮ ኤሉነድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷን ያረገዝኩ ጊዜ…»

«እማዬ! ደግሞ ጀመርሽ?» አለች ካሪስ። «ባገኘሽው ባቡር ሁሉ ትርዒት አደረግሽኝ እኮ።» ከዚያ ወደ ኔሪስ ዞረች። «ይቅርታ እህቴ። እኔ የሕፃናት ማስፈራሪያ አይደለሁም። ሥራ አለኝ፤ የምሠራው ካርታ ነው። ባል አለኝ። መኪናም ከእሷ በተሻለ እነዳለሁ። እንዲታዘንልኝ አልፈልግም። የሆነው ግን ሆኗል፤ ከፈለግሽ ትንገርሽ።»

ኔሪስ ሰዓቷን ማየቷን ተወች። «ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«የዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነው። የጎረቤት ልጅ ወጥ ቤቴ መጣ። ፊቱ ላይ ቀይ ቀይ ሽፍታ አለ፤ ሌላ ግን ምንም አልሆነም፣ ይሯሯጣል። ዘቢብ ያለበት ቂጣ ሰጠሁት፣ አቅፌ ሳምኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔም ላይ ሽፍታው ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ያ ልጅ ሁለት ቀን እንኳ አልተኛም ልጄ። እሷ ግን ጆሮዋ ሳይሰማ፣ ልቧ ተበስቶ ተወለደች። ማዋለጃው ክፍል ከአጠገቤ የተኛችው ሴት ደግሞ የእሷን ልጅ ቀበረች። ምክንያቱ ያው ሩቤላ ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አብዛኞቻችን የክትባትን ነገር ስናስብ የራሳችንን ልጅ ብቻ ነው ከፊታችን የምናቆመው፤ ልጃችን ማንን አቅፎ እንደሚስም አናስብም።

«የሩቤላውን ቀጠሮ ለመቼ ነው የያዝሽላት?» አለች ካሪስ።

ኔሪስ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ዛሬ ኩፍኝ። ሩቤላው ከስንት ሳምንት በኋላ እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። የጆሮ ደግፉ ደግሞ… 'ሲገኝ' ነው የሚለው።»

«እስከዚያ ማሊ የት ትውላለች?»

«የባለቤቴ እናት ዘንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከእኔ ጋር ናት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሕፃናት ተረት የምናነብበት ሰዓት አለ።»

«እርጉዝ እናቶች ይመጣሉ?»

ኔሪስ በልቧ ቆጠረች። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ማሊን ከወለል ላይ አንሥታ ጉንጯን ስማታለች።

«ይህን አስቤው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ግን እህቴ፣ የጎረቤቴን ልጅስ ምን እንበለው? በዓይኔ ያየሁትን?» የኢዋንን ነገር አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ካሪስ እስክትጨርስ ከንፈሯን አየች። «ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ግን ዴንማርክ ውስጥ የአምስት መቶ ሺህ ልጆችን መዝገብ…»

«አንብቤዋለሁ» አለች ኔሪስ ቶሎ። «በኅዳር ነው የወጣው። በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት አላገኙም። አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

«ለምን?»

«ቤታንን የከዳኋት መሰለኝ።»

ወይዘሮ ኤሉነድ ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀድተው ሰጧት። ከዚያም ጠየቁ፦ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ከሦስቱ አእምሮ ይነካል ተብሎ የሚወራበት የትኛው ነው?»

«ኩፍኙ ነው ይላሉ።»

«ዛሬ ለብቻው ልታስወጊያት የምትሄጂውስ?»

ኔሪስ የቀጠሮውን ወረቀት እንደገና ተመለከተችው። ያን ሁሉ ወረቀት ስታነብ ይህች ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሏት አታውቅም ነበር። «እሱኑ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲህ የሚያስፈራሽን አልተውሽም፤ ሌሎቹን ሁለቱን ነው ያዘገየሽው» አለች ካሪስ። ድምፅዋ ፌዝ አልነበረበትም።

በጎቹ ተባርረው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ካርዲፍ ሲደርሱ ወይዘሮ ኤሉነድ ማሊን ግንባሯን ሳሟት፤ ካሪስም «የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ብቻ ጠይቂያቸው» ብላ ተሰናበተቻት።

ኔሪስ ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ ሳትጠይቅ መመለስ አልሆነላትም። የተቀበለቻት ነርስ ትሑት ሰው ነበረች።

«የጆሮ ደግፉ ለብቻው መቼ ይገኛል?»

«እውነቱን ልንገርዎ፣ አቅራቢዎቹ ካቋረጡ ቆይተዋል። መቼ እንደሚመጣ አናውቅም።»

«ለየብቻ መስጠቱ ከተቀላቀለው እንደሚሻል ያሳየ ጥናት አላችሁ?»

«የወላጆች ምርጫ ነው እንጂ፣ እንደዚያ የሚል ጥናት የለንም።»

ኔሪስ አመስግና የማሊን ኮት መልሳ አለበሰቻት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጌሬንት ከሥራ አስፈቅዶ መጣና ማሊን ይዘው በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ የተቀላቀለውን ክትባት አስወጓት። ማሊ አለቀሰች፤ ብስኩት ሲሰጧት ረሳችው። በዘጠነኛው ቀን ግን ተኮሰች፤ ደረቷ ላይም ቀለል ያለ ሽፍታ ወጣ። ጌሬንት «ይኸው!» ብሎ ደነገጠ። የጤና ጣቢያው ነርስ ከሳምንት በኋላ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድማ ባትነግራት ኖሮ ኔሪስም አብራው በጮኸች ነበር። በሦስተኛው ቀን ማሊ ትኩሳቱ ለቅቋት የድመቷን ሳህን ስትልስ ተገኘች።

እንግዲህ ኔሪስ ያገኘችው ጥቅም ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ከመመላለስ፣ ማሊም ደጋግማ ከመወጋት ዳኑ፤ ቀሪው ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት የምትወስደው ድጋሚ መርፌ ብቻ ነው። በአንዱ ክትባትና በሌላው መካከል ልጅቱ ሳትጠበቅ የምትቆይበት ጊዜ ቀረ። ቅዳሜም እርጉዝ እናቶች ማሊን ሲያቅፏት ኔሪስ ያለ ሥጋት ተረቷን ታነባለች።

ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን ለቤታን መናገሩ ነበር። ሦስት ሳምንት ሸሸቻት። በመጨረሻ ቤታን በአጥሩ ወዲያ ልብስ ስታሰጣ አግኝታ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ እኔ ዋሽቻለሁ ማለትሽ ነው?» አለች ቤታን፤ እርጥቡ አንሶላ በእጇ እንዳለ።

«አልዋሸሽም። ኢዋን ዝም ያለው አንቺ ባልሽው ወር ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ያ ዕድሜ ግን ብዙ ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ነገር መታየት የሚጀምርበት፣ መርፌውም የሚሰጥበት ነው። ሁለቱ ተገጣጠሙ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም።»

«ያስወጋሁት እኔ ነኝ፣ ኔሪስ። በእነዚህ እጆቼ ይዤው ነበር።»

«አውቃለሁ። አንቺ አይደለሽም ያጠፋሽው፤ ልነግርሽ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።»

ቤታን አንሶላውን ገመዱ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ስታስተካክለው ቆየች። የሁለት ዓመት ልጇ ሎውሪ ከእግሯ ሥር በልብስ መቆንጠጫዎች ትጫወታለች። ሎውሪ አንድም ክትባት አልወሰደችም ነበር።

«ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን ጀመራት አልሽ?» አለች በመጨረሻ ፊቷን ሳታዞር።

«በዘጠነኛው።»

«ጤና ጣቢያው ብቻዬን አልገባም።»

«አብሬሽ እገባለሁ።»

አብረው ገቡ። ሎውሪ አለቀሰች፤ ቤታን ከእሷ የበለጠ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እናቶች በአጥሩ ግራና ቀኝ ሆነው ቀን ቆጠሩ። ሎውሪ ትንሽ ተኮሰች፤ ዳነችም። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አጥሩ ሥር ቆማ ማሊን በስሟ ጠራቻት። ቤታን ከቤት ሮጣ ወጥታ ከፊቷ ተንበረከከችና «እስቲ ድገሚው፣ የኔ እመቤት፣ እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚው» አለቻት።

ሎውሪ ደገመችው።