በእሷ መኪና ልጻፍ

ነቀምቴ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ስንፈተን በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀረን፤ እኔና ደበላ የሚባል ከዲጋ የመጣ ልጅ። የቀረቡልን የጽሕፈት መኪናዎችም ሁለት ናቸው፤ የእሱ አዲስ፣ የእኔ አሮጌ። በመጀመሪያው ቀን እኩል ወጣን። በማግስቱ ግን ፈታኛችን የምንጽፈውን ጽሑፍ ቀየሩት። አዲሱ ጽሑፍ በየመስመሩ «ጠቅላይ ግዛት» የሚል አለበት፤ የእኔ መኪና «ጠ» ደግሞ ሲመቷት ትጣበቃለች። በጣቴ እያላቀቅሁ ስጽፍ ገና ግማሹ ላይ ሰዓቱ አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት ጎበዝ አልነበርሽም እንዴ? ዛሬ ምን ነካሽ?» አሉኝ ፈታኙ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴ ተስፋ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተጣበቀችውን «ጠ» በጣቴ ማላቀቄን ቀጠልኩ። ይኼኔ ደበላ ከወንበሩ ተነሣ። «ጌታዬ፣ እስቲ በእሷ መኪና ደግሞ እኔ ልጻፍ» አለ። ተቀምጦ ጻፈ፤ እሱም ግማሹ ላይ ቀረ። ፈታኙ ጎንበስ ብለው ራሳቸው «ጠ»ን መታ መታ አደረጓትና መጣበቋን አዩ። ከዚያ ሁለታችንንም በተራ በአዲሱ መኪና አስጻፉን።

በጥቂት ቃላት በለጠኝና ቦታውን እሱ ወሰደ። ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። «ኦቦሌቲ ኮ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው፤ «ጣቶችሽ ምንም አልሆኑም። ሌላ ቦታ ሲወጣ እንዳትቀሪ።»

እኔ ሥራ ያገኘሁት ቆይቼ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የዚያን ዕለት ግን ተሸንፌ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ጣቶቼ ቀሚሴ ላይ ይጽፉ ነበር።