የታሸጉ ጉድጓዶችና የነፍስ ወከፍ ገቢ

በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከደሴ ወደ ገራዶ ስንሄድ አውቶቡሳችን ተበላሸና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በእግሩ ቀጠለ። እኔ ደሴ ላይ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከገራዶ በላይ ተራራው ሥር የሚኖሩት የአባቴ ወዳጅ አያ ደምመላሽ ልጃቸው ወለተ ማርያም ሞታባቸው ስለ ነበር ለቅሶ ልደርስ መሄዴ ነው። ከጎኔ ቦርሳ ያነገተች ወጣት ትሄድ ነበርና ሰላምታ ተለዋወጥን። አልታየች ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የሕዝቡን ገቢና ኑሮ ከሚያጠና መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። የምትሄደውም እኔ ወደምሄድበት መንደር መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ አቀበት ያለ ጨዋታ አይገፋም።

ሥራዋን እያስረዳችኝ ወጣን። አገር በዓመት ያፈራው ሁሉ ይደመርና ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈላል። የሚወጣው የነፍስ ወከፍ ገቢ ይባላል፤ ኑሮ ተሻሻለ ወይም ከፋ የሚባለውም በእሱ ነው። በዚህ ስሌት የአያ ደምመላሽ መንደር ከአምና ዘንድሮ ተሽሎታል። ዙሪያው ሁሉ ዝናብ አጣን እያለ ይህ መንደር ብቻ እንዴት ተሻለው የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሳት በዓይኗ ልታይ መጣች።

መንደሩ ስንደርስ ውሻ አልጮኸብንም። ቀጥዬ ልብ ያልኩት ዶሮ አለመኖሩን ነው። ሰዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው በየደጃፋቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እንደምን ዋላችሁ ስንላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጠግበን አደርን ይላሉ፤ ከንፈራቸው ግን አመድ ለብሷል። በየግቢው ያለው የእህል ጉድጓድ አፉ በእርጥብ ጭቃ ተመርጓል። በዚያ አገር ግንቦት ጉድጓድ የሚከፈትበት እንጂ የሚመረግበት ወር አይደለም። በአንዱ ግቢ ሳቋርጥ መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደ ከበሮ ድው አለ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም እግሬን ያያሉ። ፀሐይ ሳይጠልቅ ፈራሁ ብል አላፍርም።

አያ ደምመላሽ በክብር ተቀበሉን። አልቅሰን ከተጽናናን በኋላ አልታየች ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ፣ ጉድጓዱም ምን ያህል እህል እንደያዘ በትሕትና ጠየቀቻቸው። ከውስጥ የወለተ ማርያም ሕፃን አትጠገብ ተኝታለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ አታለቅስም።

«ሰው ከብት አይደለም፣ አይቆጠርም» አሉ አያ ደምመላሽ። «የቆጠሩት ነገር በረከቱ ይሄዳል። ጉድጓዱም እንደምታዪው ታሽጓል። የሚታሸገው ደግሞ ያለው ሰው ጉድጓድ ነው። ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ከኮምቦልቻ ወንጌላውያን ቤተሰብ መሆኗን ነገረቻቸው።

«ጾም አያውቁም ከሚባሉት?» አሉ ፈገግ ብለው።

«እንደዚያ ይሉናል፣ አባቴ። አሁን ግን በዓለ ሃምሳ ነው፤ በእናንተ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንግዲህ አይቆጡኝና፣ ይኸን መንደሩን ሁሉ የያዘውን ጾም ማን አወጀው?»

አያ ደምመላሽ ጎረቤት ሰምቶ እንደሆነ ወደ አጥሩ ተመለከቱ። የአገሩን ልማድ እኔ ልንገራችሁ። ጉድጓዱ ባዶ መሆኑ የታወቀበት ሰው በወንፈል ተራ ገብቶ የሚያርስለት የለም፤ ልጁን ለትዳር የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ እህሉ ሲያልቅ ጭቃ አቡክቶ ይመርግና ያለው መስሎ ይቀመጣል። ገበና መሸፈን ጨዋነት ነው እየተባለ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ጎረቤቱም ያንን አይቶ የራሱን ይመርጋል፤ እያንዳንዱም ባዶ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ በልቡ ያፍራል።

አያ ደምመላሽ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«ቁጥርሽ ምን ይረባል? ከአምና ክረምት ጀምሮ የዘነበው ዝናብ ቢሰፈር ከካቻምናው አያንስም። ነገር ግን በሐምሌ ስንጠብቀው ቀርቶ፣ አዝመራው ከደረቀ በኋላ በጥቅምት ወረደ። አንቺ ደምረሽ ብታካፍዪው መልካም ክረምት ነበር ትያለሽ።»

አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለ ጥሩ ምሳሌ ለተማሪዎቼ አጥቼ አውቃለሁ። ልጅቷም አልካደችም።

«እውነትዎን ነው። አማካይ ብቻውን ማን በልቶ ማን ጦሙን እንዳደረ አይናገርም። የኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝና የእርስዎ አዝመራ ተደምሮ ሲካፈል ሁለታችሁም መካከለኛ ኗሪ ትመስላላችሁ። እኔም የመጣሁት ቁጥሩን እመኑት ልል አይደለም። እንድታርሙት ነው።»

«ለመሆኑ ስለ እኛ ምን ይላል?»

ጥቂት አመነታች። «ድርሻችሁ አድጓል ይላል። አምና የመጣው ጸሐፊ የታሸገውን ጉድጓድ ሁሉ ሙሉ ነው ብሎ መዘገበ። ዘንድሮም እንደታሸገ አይቶ ያንኑ ደገመ። እህሉ ያው ሆነ፤ የሚካፈለው ሰው ግን አነሰ።»

አያ ደምመላሽ ወደ ሕፃኗ ዞረው አዩ።

«ወለተ ማርያም ስለ ሞተች የእኔ ድርሻ ጨመረ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ አባቴ። በወረቀቱ ላይ ጨመረ። እግዚአብሔር አያድርገውና አትጠገብ ብትሞትም ይጨምራል።»

በዚያች ሰዓት ይህችን ልጅ ጠላኋት። በሐዘንተኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? እሷ ግን እንባዋ እየወረደ ዓይኗን ከሽማግሌው ላይ አላነሳችም። አያ ደምመላሽ ተነሡ፤ ዶማቸውን አንሥተው ወደ ግቢው ወጡና የጉድጓዱን ምርግ መቱት። ጭቃው ሲደረመስ ከውስጥ ቀዝቃዛ፣ ሻጋታ የሚሸት አየር ወጣ። ድምፁን ሰምተው ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ይህ ጉድጓድ ከጥር ጀምሮ ባዶ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የመረግኩት እናንተን ፈርቼ ነው። ልጄንም የቀበርኩት በሽታ ነው ብዬ ነው። በሽታ አልነበረም።»

ከዚያ አስናቀች የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ወደ ቤቷ ገባች፤ ወዲያው ከግቢዋ የዶማ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ከማዶ፣ ከዚያም ከላይ በኩል። ሰው ሳይነጋገር መንደሩ በሙሉ መሬት ሲመታ ቆየ። ሲመሽ በየግቢው ጥቁር አፍ ተከፍቶ ነበር፤ መቃብር የተከፈተ መስሎኝ አማተብኩ።

አያ ደምመላሽ ተመልሰው ከአልታየች አጠገብ ተቀመጡ። «ጻፊ» አሏትና ከጣሪያቸው ሥር ያለውን ሰው በስሙ እየጠሩ ነገሯት። «የሞቱትንስ ትጽፊያለሽ?» ብለው ጠየቁ። ለብቻ እንደምትጽፋቸው፣ ከእንግዲህም ሰው ስለ ሞተ መንደሩ በለጸገ እንዳይባል እንደምትከራከር ቃል ገባችላቸው።

ቃሏንም ጠበቀች። ያ ዓመት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ የሚባልበት ነበርና አለቆቿ ራብ የሚል ቃል መስማት አልወደዱም። እሷ ግን ከአማካዩ ጎን ማን ምን እንዳለው፣ ማን ምን እንዳጣ ጽፋ አቀረበች። ብዙ ከተጉላላች በኋላ እህል የጫነ መኪና ሐምሌ ሳይገባ ገራዶ ደረሰ። ለአንዳንዱ ዘገየ፤ አትጠገብ ግን ዳነች።

ወገኔ ሆይ፣ ጨዋነት ገበና መሸፈን ነው ብለህ ራብህን አትደብቅ። በእውነት የተቆጠረ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል፤ ራቡን የተናገረም ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ መፍትሔ ይፈልጋል። ገቢን የምትቆጥር ጸሐፊም ብትሆን የምርጉን ብዛት አይተህ አትመለስ፤ አስከፍተህ እይ። ደምሮ ማካፈል ለማንም አይከብድም።

አያ ደምመላሽ ይህንን ምክር ይዘው ከገደል ማዶ ወዳለው መንደር ሄደው ነበር። እዚያ ያሉት ግን ጠግበን አደርን ብለው በክብር ሸኟቸው። በታኅሣሥ ከአልታየች ጋር በዚያ ስናልፍ ጉድጓዱ ሁሉ እንደተመረገ ነበር። የምንረግጠው መሬት ድው ድው ይላል፤ የክት ልብስ ለብሰው በራቸው ላይ የተቀመጡ፣ ከመንደሩ የተረፉ ጥቂት ሽማግሌዎች እግዚአብሔር ይመስገን አሉን። በዚያ ዓመት በአውራጃው ከፍተኛው የነፍስ ወከፍ ገቢ የተመዘገበው በዚህ መንደር ነበር።