በለቅሶ ድንኳን ፊት በሳይክል

አቤት? … ማን ልበል?

የአብስራ? የቱ የአብስራ? … አሃ! የሳሪሱ! የሳይክል ቡድኑ ካፒቴን! … አይ፣ ቁጥርህ የለኝም። ሐሙስ ከቴሌግራም ግሩፑ ስታስወጣኝ እኔም ከስልኬ አስወጣሁህ። ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው፣ ከመቼው ናፈቅኩህ?

… ሄሎ? ጮክ በል እንጂ! ጠዋት ያ ስፒከርህ እንዴት ይጮህ ነበር?

… አዎ ሰምቻለሁ። ኧረ ምን ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁ እንጂ! ድንኳኑ ውስጥ ለለቀስተኛ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። አቶ አጥናፉ ትናንት ተቀብረው፣ ሰው ጭጭ ብሎ በተቀመጠበት፣ ጌታው በወንዙ ዳር ብቅ! ዘፈን ከፍተህ፣ ደወል እያቃጨልክ፣ በአንድ እጅህ ቪዲዮ እየቀረጽክ!

… “አላየሁም”? ድንኳን እኮ ነው የአብስራ፣ መርፌ አይደለም! የመንገዱን ግማሽ ይዞ ነው የቆመው! … በናትህ፣ እናንተ ሰፈር ሰው አይሞትም? ለቅሶ ቤት ጋ ስትደርስ ትወርዳለህ፣ እየገፋህ ታልፋለህ። ባጃጅ እንኳን ሙዚቃውን ይዘጋል። የጋሪ ፈረስ ራሱ ቀስ ይላል፣ ፈረስ! … “ውብ የወንዝ ዳር ዙር” ብለህ ስትለጥፍ ዳሩ ላይ ሰው እንደሚኖር አልታየህም? ወንዙም ቢሆን ሽታው ፎቶ ላይ ስለማይወጣ ነው ያማረብህ።

— መጣሁ እማዬ! ብርጭቆዎቹን አጥቤያለሁ! … ማንም አይደለም!

ሄሎ … አዎ፣ ልክ ሰምተሃል። “ማንም አይደለም” ነው ያልኳት።

… ማን መታህ? ወይ ውሸት! አባዬ ከዘራውን አንስቶ “አንተ ልጅ፣ ውረድ” ብቻ ነው ያለህ። ውረድ አለህ፣ ሳይክሉን ጥለህ በረርክ! … ሩጫህን ባየኸው! ያ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ባለ ብረት ጫማህ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቋ! ቋ! ቋ! … ሁለቴ ነው የወደቅከው፣ ቆጥሬያለሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የአቶ አጥናፉ ባለቤት እንኳን፣ ከትናንት ጀምሮ ቃል ያልወጣቸው ሴትዮ፣ “ያ ልጅ ደህና ገባ?” ብለው ጠየቁ። በማን ፊት ዘፈን እንደከፈትክ ይግባህ።

… አለ፣ ሳይክልህ አለ። ከትርፍ ወንበሮቹ ጎን አስደግፈውታል። ማን ይነካዋል? … አዎ፣ የእድሩ ዳኛ አባዬ ነው። አሁን የማን ልጅ እንደሆንኩ ገባህ? ሐሙስ “ዳሲቱ በአባቷ ሳይክልና በሸራ ጫማ ቡድናችንን ታዋርዳለች” ስትል … ብለሃል! ስክሪንሾት አለኝ፣ ላንብብልህ? … እሺ አላነብም።

… ቆይ ቆይ ቆይ። ድገመው እስቲ። … ሳይክሉን በጓሮ ላወጣልህ፣ አንተ ከነገው ውድድር የሰረዝከውን ስሜን ልትመልስ? … ሼም የለህም? ለቅሶ ቤት ውስጥ ትገበያያለህ?

ስማኝ። አባዬ የተናገረው አንድ ነገር ነው። ትመጣለህ፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ትላለህ፣ ንፍሮ ተቀብለህ ትንሽ ትቀመጣለህ። ከዚያ ሳይክልህን ይዘህ መሄድ ነው። ቅጣት የለ፣ ምን የለ። … እንዴት ታፍራለህ? ስትሮጥ ያላፈርክ ስትቀመጥ ልታፍር?

… ስሜን ተወው፣ ገብቷል። … እኔማ ነገ ሁለት ሰው ብቻ ለክለብ እንደሚመረጥ እያወቅኩ ቁጭ ብዬ ላልቅስ? አሰልጣኙ ጋሽ ወልደገብርኤል ከሰዓት ለቅሶ መጡ። ከአቶ አጥናፉ ጋር ባቡር ጣቢያ ሠርተዋል። ውሃ እየቀዳሁላቸው “ጋሼ፣ እኔን ለምን ሰረዙኝ?” አልኳቸው። … አላወቁም! ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ ደብተር አውጥተው፣ በገዛ እጃቸው ጻፉኝ።

… ድንኳኑ? የት ይሄዳል? ነገ ሳልስት አይደል እንዴ! ውድድሩ በዚያው ነው የሚያልፈው፣ ጋሽ ወልደገብርኤል ከአባዬ ጋር ተነጋግረዋል። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ሁሉም ሰው ይወርዳል፣ እስከ ድልድዩ በእግሩ እየገፋ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ሳይክሉ ላይ ይወጣል። … በየዙሩ ነዋ! ስንት ዙር ነበር? … አዎ፣ ስምንት። ስምንት ጊዜ፣ ኮብልስቶን ላይ።

… ሄሎ? … የአብስራ? ትሰማኛለህ? … መስመሩ ተቋረጠ ወይስ ጫማህን እያየህ ነው?

… ሌላ ጫማ? ፔዳልህ አይቀበልማ! “ተራ ጫማ ያንሸራትታል፣ ይሄ የፕሮፌሽናል ነው” ብለህ ግማሽ ሰዓት ያስተማርከን አንተ አይደለህ?

— አባዬ! የሳይክሉ ልጅ ነው! … እንጃ፣ ይመጣል መሰለኝ! … እሺ እነግረዋለሁ!

ሄሎ … ንፍሮ ይቀመጥለት ብሏል። ባጃጅ ይዘህ ና፣ ዘፈን የሚከፍት እንዳትይዝ ብቻ። … የኔ ሸራ ጫማ? ታጥቦ ቆርቆሮው ላይ ተሰጥቷል። እስከ ነገ ይደርቃል። … ቻው።