የካላንደሩ ፎቶ

ጋምቤላ፣ በአንድ የጥጥ እርሻ ገና ተሠርቶ ባላለቀ የሽቦ አጥር ጥግ፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደባልቄ ከመኪና ወርደው፣ ካሜራዋን አንግታ ከረጅሙ ሣር ውስጥ የወጣችውን የከተማዋን ፎቶ አንሺ ኛማልን እያናገሩ ነው።

ደባልቄ፦ አለሽ እንዴ አሁንም? ቢምቢ ጨርሳሽ መስሎኝ ነበር።

ኛማል፦ ቢምቢዎቹስ ከርስዎ ይሻላሉ፤ ሲጠግቡ ይሄዳሉ። ይቺን ጥግ ብቻ ሳያጥሩ ይተዉልኝ ነው የምለው። ቆርኬዎቹ ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው ሲመጡ የሚያልፉት በዚህ ነው።

ደባልቄ፦ የትኞቹ ቆርኬዎች?

ኛማል፦ ነጭ ጆሮዎቹ።

ደባልቄ፦ ጆሯቸው ይቅር፣ ጭራቸውን አሳዪኝ። ይኸው ስንት ጊዜሽ ሣር ውስጥ ከተጎለትሽ። እስቲ ያነሳሽውን ልየው።

ኛማል፦ ይኸው።

ደባልቄ፦ ሣር። ሣር። አሁንም ሣር። ይሄስ?

ኛማል፦ በጠጣቸው ነው።

ደባልቄ፦ ነገ ኮሚቴው ፊት በጠጥ ይዘሽ ልትቀርቢ? እኔን አሳፈርሽኝ። ሰዎቹ እኮ ግልጽ ነው ያሉሽ፤ አውሬው በዚህ ለማለፉ ፎቶ ካመጣሽ ይተዋል፣ ካላመጣሽ ይታጠራል። አለቀ።

ኛማል፦ ዝናቡ ስለዘገየ እኮ ነው የዘገዩት። ከታጠረ ሽቦው ላይ ነው የሚያልቁት፣ ከነግልገላቸው።

ደባልቄ፦ አንቺ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነሽ፣ ልጄ። ሙሽሪት ፈገግ በዪ፣ ሚዜ ጠጋ በል እያልሽ ብትኖሪ ምን አለበት? ቆርኬ እንደሆነ ጠጋ በል ቢሉት አይሰማ።

ኛማል፦ እርስዎስ መቼ ሰሙ? ሆድዎን ያስገቡ ብዬ ስለምንዎት ነው የዋልኩት፣ እርሻው የተመረቀ ቀን።

ደባልቄ፦ ቢሆንም ፎቶ ማለት እሱ ነው። ለእርሻው ካላንደር ራሴ ነኝ የመረጥኩት።

ኛማል፦ እኔማ ሌላውን ነበር ያልኩዎት።

ደባልቄ፦ በሌላው ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በዚህኛው ክራቫቴ አለ፣ የእርሻው ታፔላ አለ፣ ይሄው እዚህ የቆመው። ከተማው ውስጥ ያልሰቀለው ቢሮ የለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይቀሩ ከወንበራቸው ጀርባ ሰቅለውታል። ያየኝ ሁሉ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ከኋላህ ያለው ጥጥ እንዴት ያምራል ነው የሚለኝ።

ኛማል፦ የምን ጥጥ?

ደባልቄ፦ ከኋላዬ ያለው ነዋ። ራቅ ብሎ፣ ነጭ ነጭ የሚለው። አንቺ አንስተሽው አታውቂውም?

ኛማል፦ እኔ የርስዎን ሆድ ሳስተካክል መች አየሁት። ቆይ ግን፣ አቶ ደባልቄ፣ የምርቃቱ ቀን እኮ መሬቱ ገና አልታረሰም ነበር።

ደባልቄ፦ እና?

ኛማል፦ እናማ ጥጥ ከየት መጣ?

ደባልቄ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ነጭ ምንድን ነው?

ኛማል፦ ጆሮ ነዋ። ነገ ካሜራም አልይዝ፤ ሰብሳቢውን አንዴ ወደ ኋላ ዞር ይበሉ ነው የምላቸው።