ባለቤቴ የገዛችልኝ ኪኒን

በከተማችን ከሲቀላ ሰፈር ሴቻ ሰፈር ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ። አንድ ሰሞን ብልቴ ጫፍ ላይ ክብ ጥቁር ምልክት ወጣብኝና ባለቤቴ አየችው። «ከየት አመጣኸው?» አለች። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ምዕራብ ዓባያ ላለው ታላቅ ወንድሟ ደውላ «ና ውሰደኝ» አለችው። እኔም «ከመሄድሽ በፊት አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ» ብዬ ለመንኳት።

ሐኪሙ አገላብጦ አየኝ፤ ደሜንም አስመረመረ። ውጤቱን ይዞ «የአባላዘር በሽታ የለብህም። ይሄ ከመውጣቱ በፊት ምን መድኃኒት ወሰድክ?» አለኝ። «ለተቅማጥ ኪኒን ውጬ ነበር» አልኩ። ስሙን ግን አላውቀውም። ለሐኪሙ ስሙን የነገረችው ባለቤቴ ናት፤ ከፋርማሲ የገዛችልኝ እሷ ነበረች።

«በቃ፣ ጥፋተኛው ኪኒኑ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሰውነትህ አይቀበለውም። ደግመህ ከወሰድከው እዚያው ቦታ ላይ ይመለስብሃል፤ ከተውከው ጥቁረቱ ቀስ እያለ ይለቃል። ወደ ሰው አይተላለፍም።»

ባለቤቴ እንባዋ ቀደማት። ወደ ክሊኒኩ ግቢ ወጥታ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ለወንድሟ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ እንዳትመጣ! ባሌ ንጹሕ ነው!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «አልተሰማው ይሆናል፤ ጮክ ብለሽ ድገሚለት» አልኳት።